የእንጆሪ ሽታ

አጥናፉን ልቡን ሲያመው ሐኪሙ፣ "ከእንግዲህ ሲጋራ ከነካህ ትሞታለህ" ብሎታል። ሚስቱ አስካለም በልጆቻቸው ስም አስምላዋለች። ሱሱ ግን አላስቀምጥ አለው። ይህን ያየ አንድ ጓደኛው ጣት የምታህል የኤሌክትሪክ ሲጋራ አመጣለት።

"እንደ ጭስ የሚሳበው ፈሳሽ ውስጧ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ መሙላት የለ፣ መክፈት የለ። ሞክራትና እንዴት እንደሆነች ንገረኝ" አለው።

አጥናፉ መታጠቢያ ቤት እየገባ ሞከራት። አመድ የላትም፣ ክብሪት አትፈልግም፣ ኪስ ውስጥ ስትገባ አትታወቅም። እንደ ሲጋራ ጉሮሮ ባትይዝም ሱስ ታስታግሳለች። ከሁሉ የወደደው ደግሞ የእንጆሪ ሽታዋን ነበር። "ነፍስ የሆነች ዕቃ ናት" ብሎ ለጓደኛው መሰከረላት።

አንድ እሁድ ከሰዓት አስካለ ኮቱን አሸተተችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ይሄ የማን ሽቶ ነው? ሰሞኑን በር እየዘጋህ የምትቆየውስ? እውነቱን ንገረኝ፣ ሴት ይዘሃል?"

አጥናፉ መሐላውን አሰበ። የልጆቹ ፊት ድቅን አለበት። አንገቱን ደፍቶ፣ "አዎ፣ ይቅር በይኝ" አላት።

አስካለ ደረቷን ይዛ በረጅሙ ተነፈሰች።

"ተመስገን" አለች። "እኔኮ የሲጋራውን ሽታ በሽቶ የምትሸፍን መስሎኝ ነው የተጨነቅሁት።"