ከሟች ልብስ የተሰፋ ሰፈር

እማዬ ከመሞቷ በፊት ሰፈራችንን በሙሉ አንድ ትልቅ ጨርቅ ላይ ሰፍታው ነበር። እያንዳንዱን ቤት የሠራችው እዚያ ቤት ከሞተ ሰው ልብስ ነው፤ የእኛን ከአባዬ ሸሚዝ። "በሕይወት ያለ ሰው ልብስ አይቆረጥም፤ ሟርት ነው" ትል ነበር። መቀስ አጠገቧ እያለ እንኳ ክሩን የምትበጥሰው በጥርሷ ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ እንደ አሮጌ ሹራብ ተተረተረ። ልማት ነው አሉን። እውነትም ለማ፤ እኛ የለንበትም እንጂ። ጨርቁን በምትኩ በተሰጠን ፎቅ ቤት ሳሎን ውስጥ ሰቀልኩት።

"ቤቱን ወስደው ሥዕሉን ተዉልን" ብላ ታናሽ እህቴ አሾፈች።

ዛሬ ጠዋት ጨርቁ ላይ፣ ከቤታችን ጎን፣ ይሄ አሁን ያለንበት ፎቅ ተሰፍቶ አገኘሁት። ቢጫ ነው።

"አንቺ! የእማዬን ሥራ ማን ንኪ አለሽ?" ብዬ ጮህኩባት።

እህቴ ከመኝታ ቤት ወጣች። "እኔ? ቁልፍ መትከል የማላውቀው? ይልቅ እትዬ፣ ይሄን ጉድ እይልኝ" ብላ ቢጫ ቀሚሷን ዘረጋችው። ደረቱ ላይ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ወጥቷል።

ወደ ጨርቁ ተመለስኩ። ከፎቁ ጫፍ የተንጠለጠለውን ክር በጣቴ ነካሁት።

በጥርስ የተበጠሰ ነው። ገና አልደረቀም።