ሁለት ቀዛፊ በአንድ ጀልባ

«ቅዘፍ እንጂ አንተ ሰውዬ! እኔ ብቻዬን ስለምቀዝፍ እኮ ነው ጀልባዋ የምትሽከረከረው!»

ባሏ መቅዘፊያውን ውሃው ላይ ነካ አደረገና ፈገግ አለ። እሷ በወዲያ በኩል ሊጥ እንደሚያሽ ሰው ከወገቧ እየታጠፈች ትቀዝፋለች፤ እሱ በወዲህ በኩል ውሃውን ያማስላል። ጀልባዋ የማንን ፈቃድ እንደምትሞላ ግራ ገብቷት ሐይቁ መሃል እዚያው በዚያው ትዞራለች።

«ምን አስቸኮለሽ?» አላት። «የመጣነው ልንንሳፈፍ ነው እንጂ ልንሻገር አይደለም።»

ሰዓት ሠሪ ነው። ሰፈርተኛው «ሰዓት ይጠግናል እንጂ ሰዓት አያይም» እያለ ይቀልድበታል። እሷ ደግሞ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ እሳት ስታነድ የኖረች ዳቦ ጋጋሪ ናት። ከተጋቡ ወዲህ ለሽርሽር ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ዳቦ ቤቱን ለሴት ልጃቸው ትተው ትልቁን ከተማ ሊያዩ መጡ። ትናንት ሙዚየሙን የሚያሳድዳት እንዳለ በሩጫ ዞራ ጨረሰችው። ዛሬ ጠዋት ማማው ላይ ወጥተው ሰው ሁሉ ከተማውን ቁልቁል ሲያይ፣ እሷ ስልኳን ነበር የምታየው።

አሁንም መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አጋድማ ስልኳን አወጣች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ።

«ከጠዋት ጀምሮ አታነሳም። አንድ ነገርማ ሆናለች።»

«ሥራ ላይ ናታ።»

«አንተ ምኑን አውቀህ?»

ሰዓት ሠሪው ጉሮሮውን ጠራረገ። የደበቀው ነገር ሲኖር እንዲህ ያደርገዋል።

«ምንድን ነው?» አለችው።

«እንዳትቆጪ።»

«ተናገር!»

«ምድጃው ትናንት ማታ ተበላሽቷል። ለእኔ ደውላ ነገረችኝና ‹ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ከተማውን ተዝናንታ ትየው› አለችኝ።»

ጋጋሪዋ ብድግ አለች። ጀልባዋ ወደ ጎን ጋደል ስትል ባሏ ቀሚሷን ጎትቶ አስቀመጣት።

«ለአንተ! ለእኔ ሳይሆን ለአንተ! ያ ምድጃ የቱ ጋ ሲመቱት እንደሚነሳ የማውቀው እኔ አይደለሁ? ወደ ዳር ውሰደኝ! የከሰዓቱን አውቶቡስ እደርስበታለሁ።»

እሱም አሁን ከልቡ ቀዘፈ። እሷ ግን ንዴት ይዟት ወደ ኋላ ነበር የምትቀዝፈው፤ ጀልባዋ ይባስ ብላ ዞረች። ምድጃ ሲበላሽ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ያለ እሷ ተበላሽቶ፣ ያለ እሷም መንጋቱ ነው ጋጋሪዋን ሆድ ያስባሳት።

ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ! አባዬ ነገረሽ አይደል? አውቄዋለሁ፣ እሱ ሆዱ ወሬ አይቋጥርም!» የልጅቷ ድምፅ በሰው ጫጫታ መሃል ይመጣል። «ሊጡን ተሸክሜ ሄጄ ካኮረፍሽው ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ጋገርኩት።»

«ከማን? ከዚያ ከ... ምን አለሽ?»

«‹እናትሽ እስክትሄድ ነው የጠበቅሽው?› ብሎ ሳቀና ምድጃውን ለቀቀልኝ። ዳቦው ግን ታቹ ትንሽ አሯል።»

«አሯል? ታዲያ ማን ገዛው?»

«ሰዉ ነዋ! አለቀ እኮ። እሱን ተዪውና፣ እናንተ ምን ምን አያችሁ?»

«ብዙ ነገር።»

«ለምሳሌ?»

ከሙዚየሙ አንድ ሥዕል፣ ከማማው ላይ አንድ ጣሪያ እንኳ ትዝ አላላትም። ባሏ መቅዘፊያውን ከውሃው አውጥቶ ያያታል።

«ቆይ፣ እንዳትዘጊው» አለችና ቀና አለች።

ሐይቁ ዳር አንድ ወፍራም ሰውዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ጃንጥላ እንደያዘ እንቅልፉን ይለጥጣል። ጃንጥላው ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ወፍ በአንድ እግሯ ቆማለች።

«አንድ ሰውዬ አለልሽ...» ብላ ጀመረች፤ ጀልባዋ ቀስ ብላ ስትዞር ሰውዬው እንዳያመልጣት አንገቷን ወደ እሱ እያጠማዘዘች።