ከሣጥኑ የወጣው ቆብ

በጃንሆይ ዘመን፣ ጋይንት ውስጥ ከቤተ ልሔም ብዙም በማይርቅ መንደር፣ ጭቃ ሹም ይርዳው የሚባል ምንም ነገር የማያመልጠው ሰው ነበር። በሬ ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል፣ አገሩ ዛፍ ሥር ለአውጫጭኝ ሲሰበሰብ፣ ይርዳው የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አይቶ ሌባውን ያወጣል። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው። አንድ ሁለቴ ሌባው ሌላ ሰው ሆኖ ተገኝቷል፤ እሱን አያነሣም።

ከሚስቱ ከላቀች ጋር በሰማንያ ተጋብተው አርባ አንድ ዓመት ኖረዋል። በሰማንያ የተጋባ ሰው ሲሰለቸው በሽማግሌ ፊት ይፋታል። አብሮ የቆረበን ግን ከሞት በቀር የሚለየው የለም። ስለዚህ የአገሩ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከሚስቱ ጋር ይቆርባል። ላቀችም በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ትጠይቃለች።

«ሳንቆርብ እንዳንሞት» ትላለች።

«እሱ የሽማግሌ ነው። እኔ ገና ነኝ» ይላል ይርዳው፣ በቀሩት አራት ጥርሶች ፈገግ ብሎ።

ዕድሜው ስልሳ ስምንት ነው። ምን እንደሚጠብቅ ማንም አያውቅም፤ ዓይኑን የጣለባት የመጨረሻዋ ሴት እንኳ የልጅ ልጅ ድራለች። ጎረቤቱ ጥጋቡም እንደሱው ገና ነው። ሁለቱ ጎረምሶች ምርኩዛቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፀሐይ እየሞቁ የቆረበውን ሁሉ ያማሉ። አምና ሌላው ጎረቤታቸው ዋሴ በድንገት ከሚስቱ ጋር ሲቆርብ አንድ ወር ሙሉ ስቀውበታል።

ዘንድሮ ላቀች አልጠየቀችም። ጾሙ ተጋመሰ፤ ዝም አለች። ይልቅ በየማክሰኞው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ወደሚኖሩት መነኩሲት፣ ወደ እማሆይ አመተ ሥላሴ መመላለስ አበዛች። ጥልፍ ቀሚሷንም ለእኅቷ ልጅ ሰጠች።

«ምነው?» አላት ይርዳው።

«ለኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» አለችና ጥጧን መፍተል ቀጠለች።

ይርዳው ምርመራውን ጀመረ። አንድ ጧት ላቀች ውኃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ስትወርድ ወደ ሣጥኗ ሄደ። አርባ አንድ ዓመት ከአንገቷ ወርዶ የማያውቀው ቁልፍ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል። አርጅታ ረሳችው፣ አለ በልቡ፤ እሱ ግን ገና ነው። ከፈተው። ከልብሱ ሁሉ በላይ የመነኩሲት ቆብ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ቆቡ አዲስ እንኳ አይደለም። ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል፤ ጠርዙ ተቀዶ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

«ይህን ያህል ዘመን ደብቃው ኖራለች!» አለ።

ልትመነኩስ ነው። ሚስት ቆብ ከደፋች ባል ወዴት ይከሳታል? ከእግዚአብሔር ጋር አውጫጭኝ አይቀመጡ ነገር።

መጀመሪያ ትዝ ያለው ጉልበቱ ነው፤ በክረምት በቅቤ የምታሽለት እሷ ናት። ቀጥሎ የገብስ ቆሎው፤ ለአራት ጥርሶች የምታደቅለት እሷ ናት። ከዚያ ሰበቡ አለቀና ላቀች ራሷ መጣችበት። እሱ ሲፎክር ፊቷን አዙራ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ የምትስቀው ሳቅ መጣበት። ይወዳታል። ይህን በአርባ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልነገራትም፤ ገና ነበራ። ሣጥኑ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ዓይኑን አብሶ ወደ ዋሴ ሮጠ። ሮጠ ማለት፣ በምርኩዝ።

«ላቀች ልትመነኩስብኝ ነው። ቆብ አገኘሁባት።»

«ሣጥኗ ውስጥ?» አለ ዋሴ።

«ማን ነገረህ?»

«ሴት ሌላ የት ታስቀምጣለች? ስማኝ፣ ጊዜ አታጥፋ፤ ቁረብ። የቆረበች ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ አትመነኩስም። እኔንም ያዳነኝ እሱ ነው።»

ይርዳው የዚያኑ ዕለት ላቀች ፊት ቆመ።

«እንቁረብ» አለ።

«ገና አይደሉም እንዴ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አታድርቂኝ። እንቁረብ።»

«እስቲ ላስብበት» አለች።

ሦስት ቀን አሰበች። ይርዳው ሦስቱን ቀን እህል አልቀመሰም፤ ጾም ስለሆነ ማንም አላወቀለትም። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷን ይዞ፣ «ላቀች፣ ካንቺ ወዲያ ማን አለኝ? እወድሻለሁ» አላት። ላቀች እንዝርቷን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባው እንኳ የእውነት ነበር።

«እሺ» አለች።

የነፍስ አባታቸው ቄስ ደምሌ ሁለቱንም ለየብቻ አናዘዙ። የይርዳው ኑዛዜ ግማሽ ቀን ፈጀ። የላቀች ቶሎ አለቀ፤ ቄሱ ግን ሲወጡ አፋቸውን በመስቀላቸው ጋርደው ነበር።

ቀኖናቸውን ፈጽመው ለዳግማይ ትንሣኤ ቆረቡ። ጥጋቡ ከቅጥሩ በር ቆሞ፣ «አይ ይርዳው፣ ሸመገልህ!» ብሎ ሳቀበት። ይርዳው አፉን በጋቢው ስለሸፈነ አልመለሰለትም።

በማግስቱ አፉ ተፈታ።

«ቆቡን አይቼዋለሁ» አላት ላቀችን፣ ደረቱን ነፍቶ። «ስንቱን ሌባ ያወጣሁትን ሰውዬ ልትሸሽጊኝ? በይ ለመነኩሲቷ ስጫቸው፤ ላንቺ ከእንግዲህ አይሆንሽም።»

«እርስዎን ማን ይሸሽጋል» አለች ላቀች፣ ፊቷን አዙራ።

ቆቡን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች፤ እማሆይ አመተ ሥላሴን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እኔ ጋ ምን ያደርጋል?» አሉ እማሆይ፣ ቀይ ክሩን በጣታቸው እየዳበሱ፤ «የዋሴ ሚስት ላንቺ እንዳቀበለችሽ አንቺም ለጥጋቡ ሚስት አቀብያት፤ ቁልፉን ክዳኑ ላይ መተው እንዳትረሳም ንገሪያት።»