የተፋላሚዋ ድክመት

ሳፊያ፣ ሆጤ ሰፈር በሚገኝ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጣ፣ የምትጫወተውን የኢንተርኔት ጨዋታ ዳኛ መልእክት ደግማ አነበበች። ጨዋታው በጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ጃፓን ካርቱን ያለ ተፋላሚ ይፈጥርና በየተራ እየጻፈ ይፋለማል። የእሷ ተፋላሚ አሮጊት ናት። ሰይፍ በተማዘዙ ሰዎች መሐል ሻሿን አውልቃ ታነጥፋለች፤ ማንም አይሻገረውም። ዳኛው፣ አገሩ የት እንደሆነ እንጃ፣ መጀመሪያ «ጨርቁ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ ወይ?» ሲል ጠይቋት ነበር። አሁን ደግሞ ድክመት የሌለው ስልት አልቀበልም፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልጻፍሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል።

«መብራት ሲጠፋ አይሠራም ብለሽ ጻፊ» አለ የቤቱ ባለቤት ሙንዚር።

ሳፊያ ፎርም ለማስሞላት ተራ ይጠብቁ ወደነበሩት ጎረቤቷ ዞረች። «እትዬ ዘሃራ፣ እርስዎ ሻሽ አንጥፈው ያላቆሙት ጠብ አለ?»

«ወላሂ የለም! ማን ደፍሮ ይረግጠዋል?» አሉ። «አንዴ ብቻ፣ ባሌና ወንድሜ ዱላ ሲማዘዙ፣ እጄ ሻሼ ላይ ደርሶ ነበር።»

«ተሻገሩት?»

«መች አነጠፍኩት! ወንድሜ እንዲያሸንፍ ነበር የፈለግሁት።»

ሳፊያ በሁለት ጣቷ ጻፈች፦ «ድክመቷ፣ ለአንዱ ካደላች ሻሿን ማውለቅ አትችልም።» ዳኛው ወዲያው ተቀበላት።

«ለመሆኑ ማን አሸነፈ?» አለ ሙንዚር።

«ወንድሜ» አሉ እትዬ ዘሃራ ፎርማቸውን እያቃኑ። «አላህ ይማረኝ፣ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።»