ጋሽ ደግፌ የመረጡት ጠጅ ቤት

ጋሽ ደግፌ መጠጥ ቤት ሲገቡ ታዩ። አንዴ ብቻ ቢሆን ሽንት ቤት ፈልገው ነው ይባል ነበር። በአንድ ሳምንት ሦስት ቤት ሲሆን ግን ምን ይባላል?

ሰውዬው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው ሃያ ዓመት በሽማግሌነት አገልግለዋል። በዚያች ጉባኤ ደግሞ ደንቡ አጭር ነው፤ መጠጥ ቤት የገባ ጠጥቷል። ምን አዘዝክ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ወሬውን ለልጃቸው ለሳባ ያደረሰቻት እህት አበቡ ናት፤ ከመዘምራኑ አንዷ።

«ሳባዬ፣ መቼም እኔ ሰው ማማት አልወድም» አለች፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት አማች። ስትሄድም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፤ አባትሽን ያዢ» ብላ ሄደች።

ሳባ አንገቷን ደፋች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ላይኛው ከተማ ሴቻ ባለ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። እናቷ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። የአባቷ ስም በዚህ ዕድሜያቸው ከጠጪ ጋር መነሣቱ አሳፈራት። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ሐሙስ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ መጡ። ሳባ ራሷን አሟት፣ ሥራም ሳትሄድ ጓዳ ተኝታ ስለነበር ሁሉንም ሰማች።

«ወንድም ደግፌ፣ መጠጥ ቤት ገብተሃል አልገባህም?» አለ ሰብሳቢው እንድሪያስ።

«ገብቻለሁ።»

«ምን ልታደርግ?»

«እሱን አልናገርም።»

«እንግዲያው እሁድ ጉባኤው ፊት ትቆማለህ። ከአገልግሎትም ትታገዳለህ።»

«ይሁን» አሉ ጋሽ ደግፌ።

ሳባ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሯ ሳበች። ያስተማሯቸው ልጆች፣ ዛሬ እነሱም ልጆች የወለዱት፣ እያዩዋቸው ሊቆሙ ነው። እሷም ከፊት ወንበር ተቀምጣ ልታይ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ዓርብ እራት ላይ ደፍራ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ለምን ዝም ይላሉ? አንድ ነገር ተናግረው ለምን አይገላገሉም?»

«ዝም አይነቅዝም» አሉና ወጡን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «ብዪ፤ ከስተሻል።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳባ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ወረደች። አባቷን በዓይኗ አይታ፣ እጃቸውን ይዛ፣ ከእሁድ በፊት ይቅርታ ልታስጠይቃቸው ነው ሐሳቧ። በመንገዷ ላይ ካለው ሱቅ እንደ ልማዷ ማስቲካ ገዛች።

አበቡ ከጠራችላት ቤቶች መጀመሪያ የሄደችው ዘመድኩን ግሮሰሪ ነው። ዘመድኩን ድሮ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ አውቶቡሷ ስትሞትበት ወንበሮቿን ነቅሎ ግሮሰሪ ከፈተ። ደንበኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ባንኮኒው ዞረው ሲቀመጡ ወደ ካምባ የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ይመስላሉ። ሳባ በጓሮ በር ገባች። በፊት ለፊቱ ብትገባ ሰው ያያታል።

«አባቴ መጥተው ነበር?»

«ማክሰኞ መጥተዋል። ሚሪንዳ ጠጡ» አለ ዘመድኩን። «ስንት ሰዓት ትዘጋለህ፣ እነማን ናቸው የሚመጡት፣ የጓሮው በር ወዴት ያወጣል አሉኝ። ቤቱ አልተመቻቸውም መሰለኝ፣ አልተመለሱም።»

ሚሪንዳ። ሳባ አላመነችም። የመጠጥ ቤት ሰው ደንበኛውን አያጋልጥም፤ ይህን ታውቃለች።

ቀጥላ የሄደችበት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ የዓሣ መረብ ተወጥሮበታል፤ ከሰገነቱ ሐይቁ በሩቁ ይታያል። ሲቀላ ውስጥ ከሱ የሚያምር አይገኝም።

«ወጥተው ወርደው ደረጃውን አዩት» አለቻት አስተናጋጇ ፅዮን። «ከዚያ ‹ይህ ደረጃ ሰው ይጥላል› ብለው ሄዱ።»

ሳባ ከንፈሯን ነከሰች። የሚወድቅበትን ደረጃ አስቀድሞ የሚፈትሽ ሰው ለመውደቅ ያሰበ ነው። አባቷ የሚጠጡበትን ቤት እንደ ሙሽራ እያማረጡ ነበር ማለት ነው።

ከገበያው ጀርባ ያለው የየሺመቤት ጠጅ ቤት ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ የዶርዜ ሸማኔዎች ጋቢያቸውን ሸጠው እዚያ ይቀመጣሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ፤ የሚጣላም የሚሰክርም ብዙ የለም። በሩ ላይ የታሰረው ውሻ በመጣው ሁሉ ላይ ይጮኻል። ሳባን አየና ተመልሶ ተኛ።

አባቷ ጥግ ላይ ነበሩ። ፊታቸው ቢጫ ነገር የሞላበት ብርሌ ተቀምጧል።

ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ከሷ ይልቅ ያፈሩት ጋሽ ደግፌ ናቸው። ኮፍያቸውን አንሥተው፣ ስሟን እንኳ ሳይጠሩ፣ በአጠገቧ አልፈው ወጡ።

ሳባ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠች። እንባዋ መጣ። የሺመቤት ጠረጴዛውን ልትወለውል ቀረበች።

«እትዬ የሺ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ለአባቴ አይቅዱላቸው» አለች ሳባ። «ነገ ሕዝብ ፊት ሊቆሙ ነው። ሃያ ዓመት ያከበራቸው ሰው ሁሉ ሊንቃቸው ነው። በእርጅናቸው እንዲህ ሲዋረዱ ማየት አልችልም፣ አፈርኩ።»

«ብርዝ ነው፣ ልጄ፤ አባትሽ አንድ ጠብታ ጠጅ አልቀመሱም፤ አንቺ የምትጠጪባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ዞረው አይተው የእኔን የመረጡልሽ ‹ባለቤቷ ሴት ናት፣ ልጄን ማንም አይነካትም› ብለው ነው፤ ‹መተው ካቃታት እዚህ ትጠጣ፣ ስትወድቅ ለእኔ ደውይልኝ› አሉኝ።»