ግንባር ላይ የተጻፈ ሰዓት

ኑሰይባ ከሚኒባሱ ዘላ ስትወርድ ሞተረኛው አስፋልቱ ዳር በጀርባው ተንጋሏል፤ ሥሩ ያለው አሸዋ ቀልቷል። ከፊታቸው ይከንፍ የነበረ ገልባጭ መኪና ነው ገጭቶት ያለፈው። ሰዉ ከቦታል። አንዱ ውሃ ያፈስበታል፣ አንዱ ስልክ ይደውላል፤ ደፍሮ የሚነካው ግን የለም። ደሙ ከቀኝ ታፋው በልብ ምቱ ልክ እየተገፋ ይወጣል።

ይህን ዓይነት ደም ታውቀዋለች። ሦስት ደቂቃ ነው የቀረው፣ ቢበዛ አራት።

ዞር ብላ አየች። ኡሙሰልማ፣ ከሁለት ወር በኋላ አማቷ የሚሆኑት ሴት፣ ሚኒባሱ በር ላይ ቆመው አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። ከአዳማ ወደ ቡልቡላ፣ ቤታቸው ልታደርሳቸው ነው አብራቸው የተሳፈረችው። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ እንደተመለሰች ነው የሚያውቁት። እንዲያ በይ ያላት እጮኛዋ ጃዕፈር ነው። «ወንድሜ ዘምቶ የመሞቱ ወረቀት ብቻ ከመጣ ወዲህ እናቴ ወታደር የሚባል ነገር ሲነሳ አትወድም። ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብለን እንነግራታለን» አላት። እሷም እሺ አለች። ጅዳን በፎቶ እንኳ በደንብ አታውቃትም።

«ዞር በሉ!» አለች።

ድምፁ የእሷ አልመሰላትም። ከሠራዊቱ ከተሰናበተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አዳማ ልብስ ስፌት ላይ ስትውል እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ሰዉ አፈገፈገ። ጉልበቷን ብሽሽቱ ላይ ተክላ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። «አንተ፣ የአንገትህን ፎጣ! ሹፌር፣ ካቻቢቴ!»

ሹፌሩ ማስረሻ፣ ጠና ያለ ሰው፣ ለምን ሳይል ሮጠ። ፎጣውን ከቁስሉ ከፍ አድርጋ ሁለት ዙር አሰረችው፣ ካቻቢቴውን በቋጠሮው አስገብታ ጠመዘዘች። ወጣቱ ጮኸ። አንድ ዙር ጨመረች። ደሙ ቀጥ አለ።

«አምቡላንስ አንጠብቅም። ወደ ባቱ መልሰን።»

ተሸክመው የኋላ መቀመጫ ላይ አስተኙት። አብዛኛው ተሳፋሪ መንገድ ላይ ቀረ። ኡሙሰልማ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ገብተው የልጁን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ። ኑሰይባ ካቻቢቴውን በአንድ እጇ እንደጨበጠች ከአንዱ እስክሪብቶ ተቀብላ የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ጻፈች፦ 4፡20።

ሴትዮዋ ጽሑፉን አዩ። ከዚያ እሷን አዩ።

«ስምህ ማነው?»

«ራህመቶ።»

«ራህመቶ፣ እኔን እየኝ። እንዳትተኛ።»

«ፍቺልኝ» አለ ጥርሱን ነክሶ። «እግሬን ቆረጥሽው እኮ! አዮ፣ ንገሪያት!»

አዮ፣ እናቴ፣ ሲላቸው የኡሙሰልማ ዓይን ሞላ። «ልጄ፣ ደሙ ቆሟል እኮ። ትንሽ ላላ ብታደርጊለት ምናለበት?»

ቁስለኛው ወታደር ኡበይደላም እንዲሁ ነበር የለመናት፤ ግንባር በገባች በሁለተኛው ወር። «እህቴ፣ በአላህ» ሲላት ጊዜ ጣቷ ታዘዘለት። ትንሽ ነበር ያላላችው። መልሳ ስታጠብቅ ልመናው ቆሞ ነበር።

«አይሆንም» አለች።

«ምነው ጨከንሽ?»

«ላላ ካደረግሁት ይሞታል፣ እማማ።»

ሚኒባሱ አዳሚ ቱሉ መግቢያ ላይ ሲነጥር ካቻቢቴው ከእጇ ሊያመልጥ ትንሽ ቀረው። በሁለት እጇ ያዘችው። ማስረሻ በመስታወቱ ሲያያት ቆይቶ፣ «እህቴ፣ የየትኛው ክፍለ ጦር ነሽ?» አለ። «አሥራ ሁለት ዓመት የሠራዊት መኪና ነድቻለሁ። እንዲህ አስሮ ሰዓት የሚጽፍ ሰው የት እንደሚገኝ አውቃለሁ።»

ጅዳ ሆስፒታል ነው የሠራሁት ብትል ይበቃ ነበር። ኡሙሰልማ የምትለውን ይጠብቃሉ። ይህኔ ራህመቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ራህመቶ!» ጉንጩን በጥፊ ነካችው። ገለጠ። ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳትነቅል፣ «አራት ዓመት፣ ህክምና ክፍል» አለች። «ጅዳ ሄጄ አላውቅም፣ እማማ።»

«ጃዕፈር ያውቃል?»

«ያውቃል።»

ኡሙሰልማ ባቱ እስኪደርሱ የልጁን ፀጉር ዳበሱ።

ሆስፒታሉ በር ላይ በቃሬዛ ተቀበሏቸው። ሐኪሙ ግንባሩን አነበበ፣ ሰዓቱን አየ፣ «በጊዜ ደርሳችኋል» አለ። እየሮጡ ይዘውት ገቡ። ኑሰይባ ባዶ እጇን ይዛ ቀረች።

አጥሩ ጥላ ሥር፣ የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ኡሙሰልማ ተቀምጠው ነበር። ጎናቸው ሄዳ ተቀመጠች። ስድብ ጠበቀች፤ እርግማንም ጠበቀች።

«እንዲያ ሲታሰር በጣም ያማል?» አሉ።

«በጣም ያማል።»

«የእኔ ልጅ አብዱልሃኪምስ እንዲህ የሚያስርለት ሰው አግኝቶ ይሆን?»

ማጽናኛው አፏ ላይ ነበር፦ አግኝቷል፣ አልተሰቃየም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤታቸው የገባ ሁሉ ያላቸው ይህንኑ ነው።

«አላውቅም፣ እማማ። ሁሉም ጋ አልደረስንም። የደረስኩበትም አለ። ሲለምነኝ ላላ አደረግሁለት። በእጄ ላይ ቀረ።»

ኡሙሰልማ እጇን ደሙ እንዳለ ወስደው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ስሙ ማን ነበር?»

ነገረቻቸው።

ሴትዮዋ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ድምፃቸው ከመንገዱ ጩኸት ሥር ነበር። ኑሰይባ ግን አጠገባቸው ስለሆነች ይሰማታል፤ አብዱልሃኪም አሉ፣ ትንፋሽ ወሰዱ፣ ቀጥለውም ኡበይደላ አሉ።