የቀበቶው ጫፍ

መካኒኩ የሾፌሩን ወንበር ቀበቶ እስከ ጫፉ ስቦ አወጣው። ከላይ የሚታየው ንጹህ ነበር፤ ውስጥ ተጠቅልሎ የቆየው ግን ጭቃ ደርቆበታል። «ጋሼ፣ ጎርፍ የበላት መኪና ናት» አለ፣ ከኋላ የተቀመጠችው ሴት እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽቦዎቿ ዝገዋል። ዛሬ ብትነሳ ነገ አትነሳም። ሳያዩ እንዴት ይገዛሉ? በፎቶማ ሁላችንም ሙሽራ ነን።»

ልብስ ሰፊው ቀበቶውን ተቀበለው። አንድ ሜትር ጨርቅ እንኳ በጣቱ ሳያሽ የማይገዛ ሰው፣ መኪናዋን ስልኩ ላይ አይቶ ነበር የገዛት። ሚስቱን እግሯ ከከዳት ሁለት ዓመት አልፎታል። ፎቶው ላይ የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ሲያይ፣ እሷን እዚያ አስቀምጦ እህቷ ቤት ሲያደርሳት ነበር የታየው፤ ሌላ ምንም አልታየውም። አሁን የቀበቶውን ጫፍ በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው። አፈሩ እንደ ዱቄት ረገፈ። «አደራ፣ እንዳትነግራት» አለው። «እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

የኋላውን በር ከፈተ። ለዛሬ ብሎ የሰፋላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«አምጪው፣ ይከብድሻል።»

«ተወው፣ ምንም አይደል።»

ሳብ አድርጎ ወሰደላት። የወንበሯን ቀበቶ ቀደም ብላ አስራ ፈትታው ኖሯል፤ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ነጩ ቀሚስ ላይ ሰፊ የጭቃ መስመር ተጋድሟል።

«የመኪናችን ቀለም ደግሞ ሲያምር!» አለችው፣ ጭቃውን በመዳፏ እየሸፈነች።